ቦርሳዬ ውስጥ የተገኘው ስኳር

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እኔ በዕድሜዬ ከልቤ የፈራሁት ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ስኳር፣ ሌላው ስኳር ማጣት። ሁለቱም በአንድ የእሁድ ከሰዓት፣ የምወደው ሰው ቆሞ እያየኝ ይደርሱብኛል ብሎ የነገረኝ ቢኖር ያን ቀን ከቤቴ አልወጣም ነበር።

ጆቬሊን እባላለሁ። የሳንታ ኡርሱላ እርሻ የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ነኝ። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሞንታልባ ቤተሰብን ሸንኮራ ሲቆርጥ ወገቡ ጎብጧል። የእኔ መተዳደሪያ ደግሞ ስኳር ላለባቸው ሰዎች ስኳር የሌለበት ጣፋጭ ሠርቶ መሸጥ ነው፤ ያውም ሰው ሁሉ ከስኳር በሚበላባት በዚች በኔግሮስ ደሴት። ጎረቤቶቼ "ጆቪ፣ አባትሽ የቆረጠውን አንቺ ታባርሪያለሽ" እያሉ ያሾፉብኛል። ይሹፉ፤ ማሾፍ አይከፈልበትም።

ሌያንድሮ የእርሻውና የስኳር ወፍጮው ጌቶች የሞንታልባዎች ልጅ ነው። መጀመሪያ የመጣው ስኳር ላለባቸው አያቱ ኬክ ሊያዝ ነበር፤ እኛ ጋ አያት ሎላ ትባላለች። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ፣ በሚቀጥለውም። አምስተኛው ቅዳሜ ላይ የገዛውን ኬክ መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲበላ አየሁትና መስኮቱን አንኳኳሁ።

"ለሎላ ነው አላልክም?" አልኩት።

አፉ እንደሞላ፣ "ሎላ አንድም ቀን ቀምሰውት አያውቁም። እኔው ነኝ ስመላለስ የከረምኩት" አለኝ። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆኖናል።

እናቱ ዶንያ ኤስፔ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ "ያቺ የቆራጩ ልጅ" ነኝ። በዚያ ቤት የመጨረሻው ቃል ግን የሰማንያ አንድ ዓመቷ የሎላ ፑራ ነው። እኛ ጋ የወንዱ ቤተሰብ ምግብ ተሸክሞ፣ የሴቷን ቤት ደረጃ ወጥቶ ነው ልጅ የሚለምነው። ሌያንድሮ አያቱን "እንሂድልኝ" ብሎ ሲለምናቸው እንዲህ አሉት፤ "የቀርከሃ ደረጃዋን ከመውጣቴ በፊት የእጇን ልቅመስ። እሁድ ትምጣና ሌቼ ፍላን ትሥራልኝ። ካልጣመኝ ነገሩ እዚያው ያበቃል፣ ሁለተኛ አታንሳብኝ።" ሌቼ ፍላን እንቁላልና ወተት በቀላ ስኳር ላይ ፈስሶ የሚበስል ጣፋጭ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቅርጫቴን አንጠልጥዬ፣ ቦርሳዬን አንግቼ በጓሮ በር ገባሁ። የወጥ ቤቷ እመቤት ናንግ ቴሪንግ ጠርሙሶቼን አንድ በአንድ እያነሳች አየቻቸው።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ፋርማሲ ልትከፍቺ ነው?"

"ማጣፈጫ ነው፣ ናንግ" አልኳት፤ እትዬ እንደማለት ነው።

"እኛ አንድ ብቻ ነበር የምናውቀው። እሱንም ዶንያ ኤስፔ ከቤት አባረውታል። ሐኪሙ 'ለሎላ ስኳር አይጠጋ' ካለ ጀምሮ እዚህ ቤት አንዲት ቅንጣት የለም። እኔ እንኳን ቡናዬን የምጠጣው እንደ ሬት እየመረረኝ ነው።"

ይህን ስትል እጄ ሳላስበው ቦርሳዬን ዳበሰ። ቦርሳውን ከበሩ ጀርባ ሰቀልኩት።

ሥራዬን ጀመርኩ። ሥራው አይጠፋኝም። ከማጣፈጫዎቹ ኤሪትሪቶል ለፍላን አይሆንም፤ ሲቀዘቅዝ እንደ አሸዋ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ማልቲቶል "ስኳር የለበትም" ተብሎ ይሸጣል እንጂ ደም ውስጥ ሲገባ ከስኳር ብዙም አይሻልም፤ እሱ ቤቴ አይገባም። የጣሳው ጣፋጭ ወተት ደግሞ ገና ሲከፈት ስኳር ነው፤ በእሱ ፋንታ ክሬም ይዣለሁ። የመረጥኩት አሉሎስን ነው። እሳት ላይ እንደ ስኳር የሚቀላልኝ እሱ ብቻ ነው። ጣዕሙ ግን ደከም ይላል፤ አሥር ማንኪያ ስኳር በሚበቃበት አሥራ አራት ይፈልጋል። ጉድለቱን ከስኳር እጥፍ ድርብ በሚጣፍጠው በመነኩሴ ፍሬ ዱቄት እሞላዋለሁ። እሷ ደግሞ ጉደኛ ናት፤ በማንኪያ የለካት ሰው አፉ ይመርራል። ስለዚህ በወርቅ ሚዛን ነው የምመዝናት።

መቶ ግራም አሉሎስ ለሚቀላው፣ ስልሳ ለእንቁላሉ፣ ከመነኩሴ ፍሬው ዜሮ ነጥብ አራት። ሦስት ጊዜ መዘንኩ። ናንግ ቴሪንግ ራሷን ነቀነቀች።

"ቀለበት ልታሠሪ ነው ወይስ ፍላን ልትሠሪ?"

"ሁለቱንም ይሆናል፣ ናንግ" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

የቀላውን አሉሎስ ሞላላው ቆርቆሮ ውስጥ ካፈሰስኩ በኋላ ናንግ ቴሪንግ የእንጨት ማንኪያውን አንስታ በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። "ይሄ ነገርሽ አይደርቅም እንዴ? የእኛ ቢሆን ይሄኔ እንደ ጠርሙስ ደርቆ ነበር።"

"አሉሎስ እንዲህ ነው፤ እንደ ማር ለስልሶ ይቀራል።"

"እኛ ጋ ስንፍና ነው የሚባለው" አለችና ማንኪያውን ሳታጥብ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ወረወረችው።

ምሳ ቀረበ። የተጠበሰ ዶሮ ነበር፤ ለሎላ ፑራ ሩዝ አልተጨመረላቸውም። ፍላኑን ስገለብጠው ወርቃማ ሆኖ ወጣ። ሎላ ፑራ አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሌያንድሮ ከጠረጴዛው ማዶ እኔን ያያል፣ እኔ እሱን። ሳህኑ ባዶ ሆነ። ሁለተኛ ቁራጭ ጠየቁ። እሱንም ጨረሱት።

"ኢንዳይ፣" አሉኝ። ልጄ እንደማለት ነው። "ይሄ ስኳር ነው።"

"አይደለም፣ ሎላ።"

"እኔ ሰባ ዓመት ስኳር ስቀምስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከየትኛው ወፍጮ እንደወጣ ጭምር በምላሴ እለያለሁ። የሚጣፍጥ ነገር ሁሉ ስኳር ነው፤ ሌላው ወሬ ነው።" ከዚያ እጄን ያዝ አደረጉኝ። "ብቻ የእጅሽን ወድጄዋለሁ።"

ሊያርፉ ወደ በረንዳው ወጡ። ሌያንድሮ ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ሳቀልኝ። ያ ሳቅ ገና ሳይጠፋ ነው ዶንያ ኤስፔ ቦርሳዬን ይዘው የገቡት።

"ፎጣ ስፈልግ ነው ያገኘሁት" አሉ። የሰው ቦርሳ ውስጥ ፎጣ የሚፈልግ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ግን ያን ለማለት ጊዜ አልነበረኝም። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡት በላስቲክ የተቋጠረ ቡናማ ነገር ነበር። አጠገቡ የሌያንድሮ ስም የተጻፈበት የታሸገ ፖስታ አኖሩ።

"ስኳር የለበትም ባይዋ ቦርሳዋ ውስጥ የምትይዘውን እይልኝ፣ ልጄ። እኔ ስናገር ክፉ ነኝ።"

ሌያንድሮ ቋጠሮውን ፈትቶ አሸተተው። የስኳር ወፍጮ ልጅ ነው፣ መቅመስ አላስፈለገውም።

"ጆቪ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ስኳር ነው።"

"ሎላ የበሉት ውስጥ አለበት?"

"የለበትም።"

"ታዲያ ለምን ትይዢዋለሽ?"

መልሱ ፖስታው ውስጥ ነበር። አራት ጊዜ ጽፌ አራቴ ቀድጄዋለሁ፤ ይሄ አምስተኛው ነው። ፖስታውን ወደ እሱ ገፋሁት። "እዚያ ውስጥ ጽፌዋለሁ" ብቻ አልኩ። ፖስታውን አነሳ፣ አልከፈተውም። ቀና ብሎ አየኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እኔ ዱቄት ስመዝን የማይበትን ዓይን እሱ ፊት ላይ አየሁት፣ የሚመዘነው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ቋጠሮውንም ፖስታውንም ኪሱ ከተተ።

በረንዳው ላይ ናንግ ቴሪንግ ጮኸች።

ስንደርስ ሎላ ፑራ ወንበራቸው ላይ ተንጋለዋል። ላብ በላብ ሆነዋል፤ ቀሚሳቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል። ከናፍራቸው ይንቀጠቀጣል። ከሞቱ አርባ ዓመት የሆናቸውን ባላቸውን ስም እየጠሩ "ሸንኮራው ተቃጠለ፣ በሩን ክፈቱ" ይላሉ።

"ስኳር አብልታ ገደለቻቸው" አሉ ዶንያ ኤስፔ። ፊታቸው አመድ መስሏል። "ሌያንድሮ፣ መርፌውን አምጣ። የኢንሱሊኑን መርፌ አምጣ፣ ስኳሩ ጣሪያ ነክቶ ነው።"

"መጀመሪያ ይለካ" አልኩ።

ሌያንድሮ የመለኪያውን ሣጥን ከፈተ። መሣሪያው አለ፤ ደም የሚነካበት ወረቀት ግን አንድም የለም። ሎላ ፑራ፣ ቁጥሩ በታየ ቁጥር ዶንያ ኤስፔ ስለሚቆጧቸው፣ ወረቀቱ ካለቀ ሳምንት እንደሆነው ለማንም አልተናገሩም። ሎላን የምትከታተለው ነርስ እሁድ አትገባም። ሌያንድሮ ወደ ሲላይ ሆስፒታል ደወለ፤ አምቡላንሱ ተነሥቷል፣ ግን የወፍጮ ወቅት ነው፣ መንገዱ ላይ ሸንኮራ የጫነ መኪና ተገልብጦ ሰልፉ ማለቂያ የለውም። አርባ ደቂቃ አሉት።

እኔ ያን ላብ አውቀዋለሁ። ያን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ። እናቴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ።

"ስኳራቸው ወርዶ ነው" አልኩ። "መርፌ እንዳትሰጧቸው። ስኳር ስጧቸው።"

ዶንያ ኤስፔ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። "ሰማህ፣ ልጄ? የጀመረችውን ልትጨርስ ነው።"

ያኔ ነው ፍርሃቱ እኔንም ከውስጥ የያዘኝ። ቤቴ ውስጥ የአሉሎሱ ጠርሙስና የአባቴ ነጭ ስኳር ጠርሙስ መንታ ናቸው፤ ሁለቱም የማዮኔዝ ጠርሙስ የነበሩ ናቸው። የምለያቸው ክዳናቸው ላይ በጻፍኩት ነው። ያን ጠዋት ዕቃዬን ቅርጫት ውስጥ የከተተልኝ አባቴ ነበር፣ አባቴ ደግሞ ክዳን ሲገጥም የየትኛው እንደሆነ ግድ የለውም። ተሳስቶ ቢሆንስ? በወርቅ ሚዛን ሦስት ጊዜ የመዘንኩት ራሱ ስኳር ቢሆንስ? በዚች ደቂቃ የምናገረው ቃል ሴትዮዋን ሊያድን ወይም ሊገድል ነው። እመቤቴ ማርያም፣ ድረሽልኝ አልኩ።

ሌያንድሮ መርፌውን ይዞ አያቱ አጠገብ ተንበርክኳል። ክዳኑን ነቅሎታል።

የናንግ ቴሪንግ ቃል ትዝ አለኝ። ይሄ ነገርሽ አይደርቅም እንዴ?

ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ማንኪያው የጣለችው ቦታ ላይ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነፋስ ሲመታው የቆየ። አውራ ጣቴን ጫንኩበት። ሰመጠ። እንደ ማር ለስላሳ ነው። ያለቀስኩ ይመስለኛል። ተመልሼ ሮጥኩና ሌያንድሮ ፊት ዘረጋሁት።

"ንካው። ፍላኑ ላይ ያለው ይሄ ነው። አንተ የወፍጮ ልጅ ነህ፣ የተቃጠለ ስኳር እንዲህ ይሆናል?"

እናቱ "ጊዜ አታባክን" ይላሉ። እሱ ግን ማንኪያውን ነካው። ጣቱን ጫነ፣ አነሣ፣ ክሩ ተሳበ። ቀና አለ።

"አይሆንም" አለ ቀስ ብሎ። "ይሄ ስኳር አይደለም።"

"ስኳር ካልበሉ መርፌው ነው የጣላቸው። ከምሳ በፊት ስንት ወጉ?"

"እንደታዘዘላቸው ስድስት ነው" አሉ ዶንያ ኤስፔ።

ናንግ ቴሪንግ በሩ ላይ ቆማ ነጠላ ጫማዋን ታያለች። "ስድስት አይመስለኝም" አለች። "መኝታ ቤታቸው በር ላይ ሳልፍ መርፌው መጠኑን ሲያዞሩት ቀጭ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ብዙ ነው። መቁጠሪያ የሚደግሙ መስሎኝ አለፍኩ።"

የሎላ ፑራ ድምፅ ቆመ። ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቶ ቀረ።

ሌያንድሮ አየኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቶኛል፤ በመስኮት፣ በገበያ መሀል፣ በቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ። እንደዚያ ግን አይቶኝ አያውቅም። እጁ ላይ ያለው መርፌ ነው፣ እናቱ ከኋላው ናቸው፣ እኔ የቆራጩ ልጅ ነኝ። መርፌውን ክዳኑን መልሶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

"ምን ላድርግ?" አለኝ።

"በጎናቸው አስተኛቸው። የሚጠጣ እንዳትሰጥ፣ ትን ይላቸዋል። ስኳሩን በውኃ አርጥበህ ጉንጫቸው ውስጥ እሸው፣ ድዳቸው ላይ።"

"ከየት ስኳር?" አሉ ዶንያ ኤስፔ። ድምፃቸው ተሰበረ። "እዚህ ቤት ስኳር የለም። እኔው ነኝ ያስወጣሁት።"

ዙሪያችንን እስከ ተራራው ግርጌ ሸንኮራ ቆሟል። ቤቱ ውስጥ አንዲት ቅንጣት የለም።

ሌያንድሮ ቋጠሮዬን ከኪሱ አወጣ። የከሰሰኝን ቋጠሮ ራሱ ፈታው። ቡናማውን ስኳር ጣቱ ላይ አድርጎ አያቱ ጉንጭ ውስጥ አሸው፤ ደግሞ አረጠበ፤ ደግሞ አሸ። እኔ ራሳቸውን ደግፌ ትንፋሻቸውን እቆጥራለሁ። ዶንያ ኤስፔ ወለሉ ላይ ተቀምጠው የአማታቸውን እግር ያሻሉ። እነዚያን ደቂቃዎች እንዴት እንዳለፍኳቸው አላውቅም። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይደጋገማል፤ እንደ እናቴ እንዳይሆን፣ እንደ እናቴ እንዳይሆን።

አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ የሎላ ፑራ ምላስ ተንቀሳቀሰ። ከንፈራቸውን ላሱ። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"የእኛ ነው" አሉ። ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። "የዘንድሮ የመጀመሪያው ወፍጮ ነው። ትንሽ በዝቶበት ነው የተቀቀለው።"

ሌያንድሮ ፊቱን ደረታቸው ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አምቡላንሱ ሲደርስ ሎላ ፑራ ቁጭ ብለው ነበር። አብሮ የመጣው ነርስ ለክቶ፣ ቁጥሩ ገና ዝቅ ያለ ነው፣ ቆይታችሁ ቢሆን አንደርስባቸውም ነበር አለ። ስንት እንደወጉ ጠየቃቸው።

"ሃያ" አሉ፣ ወደ ጣራው እያዩ። "ሁለት ቁራጭ ልበላ አስቤ ጨመርኩበት። እንዲህ እየጣፈጠ ስኳር የለበትም ሲሉኝ ማን ያምናል?"

"እኔም አላመንኩም ነበር" አሉ ዶንያ ኤስፔ፣ ወደ መሬት እያዩ። ከዚያ "ጆቬሊን" አሉ። ስሜን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቃሬዛው ላይ ሲያስተኟቸው ሎላ ፑራ ጣታቸውን አንሥተው ጠሩኝ።

"ኢንዳይ፣ የቤትሽ ደረጃ ስንት ነው?"

"ሰባት ነው፣ ሎላ።"

"ሰባት" አሉ። ትንሽ አሰቡበት። "ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ። ለአባትሽ ንገሪው፣ ያቺን የምትወላገድ ሦስተኛዋን በሚስማር ይምታት።"

ደረጃችን እንደሚወላገድ ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ፣ እኛ ጋ ታላቅ እንደሚከበረው፣ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አደረግኩ፣ ከዚያም ቀና ማለት አቃተኝ።

እናቱ ከአያቱ ጋር ሄዱ። ሌያንድሮ በመኪናው ሊከተላቸው ነው፣ ቁልፉ በእጁ ነው። በረንዳው ላይ ቆመን ቀረን። ፖስታውን ከኪሱ አወጣ፤ እንደታሸገ ነበር።

"አላነበብኩትም" አለኝ። "ከአንቺ አፍ ነው የምፈልገው።"

ነገርኩት። እናቴን ስኳር ሲይዛት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሐኪም ቤት በተመለስንበት ቀን፣ ከእርሷ በላይ ለእርሷ አስቤ፣ ቤታችን ውስጥ ያለውን ስኳር ጠራርጌ ጣልኩት። ማሩንም፣ የጣሳውን ወተትም። "ልጄ ትንሽ አስቀሪ" ብላኝ ነበር፤ ተቆጣኋት። አንድ ረፋድ ላይ መርፌዋን ወግታ ቁርስ አልበላ አላት። ላብ አጠመቃት። ቤቱን ሙሉ ገለበጥኩት፣ ጣሳ ሁሉ ባዶ ነው። ጎረቤት ደርሼ አንድ ማንኪያ ስኳር ይዤ ስመለስ አልጠበቀችኝም። የሸንኮራው ማሳ ከበራችን አርባ እርምጃ ነው።

"እኔ ነኝ የገደልኳት" አልኩት። "ለዚህ ነው የምይዘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ እሱ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ይሄን ካወቅህ አትወደኝም ብዬ ነው የደበቅኩህ።"

ቋጠሮውን አውጥቶ ከላስቲኩ ላይ ቁራጭ ቀደደ። የቀረውን ስኳር ግማሹን እዚያ ላይ ገልብጦ ቋጠረና ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሌላውን ግማሽ መዳፌ ላይ አድርጎ ጣቶቼን አጠፈልኝ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"አንቺ ድንገት ከቤት ረስተሽው ብትወጪ" አለኝ፣ "እኔ ጋ አለ።"

ሳይመዝን ነው የከፈለው። የቱ ግማሽ እንደበለጠ አላየሁም። ፍርሃቴ ያን ቀን አልለቀቀኝም፣ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም። ብቻዬን ግን አልፈራም።